ሠርገኛ መጣ፣ ምስማር አምጡ

ባለፈው ቅዳሜ የመቶ ሃምሳ ሰው ዝግጅት ታድሜ መጣሁ። የጥሪ ወረቀቱ «ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት በትክክል» ይላል። «በትክክል» በጥሪ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አላስረዳም፤ 5፡10 ላይ ተጀመረ። ቦታው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተረፈ የመኳንንት ቤት ነው፦ ግንቡ ድንጋይና ጭቃ፣ ወለሉና ደረጃው እንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በረንዳው ዙሪያውን የተፈለፈለ ጣውላ። የዕለቱ ርእስ የቅርስ ጥበቃ ነበር።

እስቲ አዘጋጆቻችንን ሳናመሰግን አንለፍ። ለሦስት ወራት ተሰብስበዋል። ዐቢይ ኮሚቴ፣ ንዑስ ኮሚቴ፣ የንዑስ ኮሚቴው ጸሐፊ፣ ሁሉም ባለ ቲሸርት። ከሦስቱ ወራት ሁለት ተኩሉ በባነሩ ላይ እንዳለቀ አንዱ አባል በኩራት አጫውቶኛል። ባነር ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚወለድ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ቀለሙ አከራከረ። ቀጥሎ የስፖንሰሮቹ አርማ፤ አርባ ካርቶን ውኃ የሰጠው ድርጅት «የእኔ አርማ ከቡናው ድርጅት አርማ ማነስ የለበትም» ብሎ ሁለት ስብሰባ በላ። ከዚያ የፎቶግራፉ ጉዳይ መጣ። አንዱ ላሊበላ ይሁን አለ፣ ሌላው ፋሲል ግንብ፤ በመጨረሻ አንድ ብልህ ተነሥቶ «ለምን የራሱ የቤቱ ፎቶግራፍ አይሆንም?» ሲል ጭብጨባ ሆነ። ባለሙያ ተቀጠረ። ጥሩ ብርሃን እስኪመጣ ሁለት ማለዳ ጠበቀ፤ የመብራቱን ሽቦ በኮምፒውተር አጠፋ፣ ሰማዩን አሰማየ፣ ያልበቀለ ሣር አበቀለ። ስድስት ሜትር በአራት ሜትር ታትሞ ዓርብ ማታ ደረሰ።

የት ይሰቀል? ይህ በሦስቱ ወራት ውስጥ ያልተነሣ ጥያቄ ነው። ስድስት ሜትር የሚችል ቦታ ሲፈለግ የተገኘው የቤቱ ፊት ብቻ ሆነ። ተሰቀለ። ቤቱ በገዛ ፎቶግራፉ ተሸፈነ!

ከውጭ አገር የመጣ አንድ እንግዳ «ታሪካዊው ቤት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ባነሩን አሳየሁት። «በጣም ያምራል» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ከቤቱ ይልቅ ያምራል፣ ሣርም አለው። ተጋባዡ ሁሉ ተራ ይዞ እፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ነፋስ ሲመጣ ባነሩ እንደ መርከብ ሸራ ስለተነፋ አንድ ልጅ መሰላል ወጥቶ በምላጭ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ቀዳዳዎች አወጣለት። በአንዷ ቀዳዳ አጮልቄ የበረንዳውን ፍልፍል እንጨት ተመለከትሁ፤ ቅጠልና ወይን የመሰለ ሐረግ፣ ቀለሙ ተልጦ ቡናማ የሆነ። በዕለቱ ቤቱን ካዩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነኝና እግዜር ይስጣቸው።

የጥበቃ ሠራተኛው አዛውንት ባነሩ በረንዳው ላይ ሲቸነከር ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ይህ እንጨት እኮ ከእኔም ይበልጣል፤ በገመድ ብታስረው ምን አለ?» አሉት ቸንካሪውን።

«አይዞዎት አባባ፣ ትንሽ ምስማር ናት።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የዚህ ቤት ባለቤት ከሞቱ ዘመን ስላለፋቸው በነፃ ይናቃሉ።

ሽሙጡን ለአፍታ ላቁም። ምሳው የተዘረጋው ፎቅ ላይ ነው። ያ የእንጨት ወለል ስንት ሰው እንደሚችል ከኮሚቴው የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔ ጠይቄ «እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም» ተባልሁ። በዚያው ወለል ላይ፣ በፕላስቲክ ቄጤማው መካከል፣ ፍም የሞላው የከሰል ምድጃ ተቀምጦ ቡና ይፈላል። የኋላው በር ደግሞ እስከ ላይ በተደራረበ ወንበር ተዘግቷል። በጥር 2007 ዓ.ም. ጥንታዊው ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል፣ በውስጡ የነበረው የሙዚቃ ቤት ጃዝ አምባም አብሮ ሲጠፋ፣ ከተማው በሙሉ «ወይኔ ታሪካችን» ብሎ አልቅሷል። ያኔ ያለቀሰ ሰው ዛሬ በደረቅ እንጨት ላይ ፍም የሚያስቀምጠው በምን ልቡ ነው? ሕግም አለን፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥላል። ይህንኑ አዋጅ የዕለቱ ተናጋሪ በቃሉ ጠቅሶታል፤ ምስማሮቹ ከራሱ በላይ ነበሩ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የክብር እንግዳው ሲመጡ ለክቡራትና ለክቡራን ሰላምታ ሃያ ደቂቃ ተመደበ፤ ለቤቱ ታሪክ አምስት። አምስቱም ተሰረዘ፣ ጊዜ ስለሌለ። ዋናው ጥናት ሊቀርብ ሲል የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲዘንብ የጎረቤት ድምፅ እንደማይሰማ ሕፃንም ያውቃል፤ ኮሚቴው ግን ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ አስመጣ፣ መብራቱ ተቋረጠ፣ አቅራቢው ከንፈሩን ማንቀሳቀሱን ቀጠለ። ሲጨርስ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተለገሰለት። የምስክር ወረቀት ታደለ፤ ለውኃው ድርጅት ሁለት።

ማምሻውን ባነሩ ወረደ፣ ተጠቀለለ፣ በአንዱ የኮሚቴ አባል መኪና ጣሪያ ላይ ሄደ። ቆጠርሁ፤ በረንዳው ላይ ዐሥራ አራት ምስማር ቀርቷል፤ በአንዱ ላይ የባነሩ ቁራጭ ተንጠልጥሏል፣ ሰማያዊ፣ ከሰማዩ መሆን አለበት።

«ምስማሩንስ አትነቅሉትም?» አልሁት መሰላሉን የሚያጥፈውን ልጅ።

«ይቆይ ተብሏል ጋሼ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ዝግጅት አለ።»

እንግዲህ ለነገ የሚያስብ የለም ብሎ የሚያማ ሰው ካለ መጥቶ ይይ።