ሁሉም ያረፈበት ቀን፣ ከአንዷ በቀር

የበጋ ዕረፍቱን ከቤተሰቡ ጋር ቤት ውስጥ ያሳለፈ ሰው ወደ ሥራ ሲመለስ «የት ሄድክ?» የሚለውን ጥያቄ ይፈራል። «የትም፤ ቤት ነበርኩ» ብሎ በፍጥነት ወሬ ይቀይራል። ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም። ሻንጣ የማይታሸግበት፣ ወረፋ የማይያዝበት፣ ልጆች በባዶ እግራቸው ከክፍል ክፍል የሚሯሯጡበት፣ አዋቂው ከምሳ በኋላ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ጥሎ የሚያንቀላፋበት ቀን ከብዙ ጉዞ ይበልጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ቀን አልፎ ሁሉም «ደስ የሚል ቀን ነበር» ሲል፣ ያረፈው ማን ነው?

ሙቀቱን ተከትለን ቤቱን እንዙር። ፀሐይ አናት ላይ የምትወጣው እኩለ ቀን ቢሆንም ቀኑ ይበልጥ የሚግለው ከዚያ ወዲያ ባሉት ሁለትና ሦስት ሰዓታት ነው፤ መሬት የምትቀበለው ሙቀት ከምትለቀው መብለጡን እኩለ ቀን ካለፈም በኋላ አያቆምምና። በዚያ ሰዓት ቤተሰቡ መጋረጃውን ጋርዶ፣ ማራገቢያውን ወደ ራሱ አዙሮ ሳሎን ውስጥ ተዘርግቷል። ማራገቢያ አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ላብ ከቆዳ ላይ ቶሎ እንዲተን ያደርጋል፣ ገላን የሚያቀዘቅዘውም ያ ትነት ነው። ወጥ ቤት ግን ማራገቢያ አይገባም፤ የምድጃውን ነበልባል ያናውጣላ። እናም ከቤቱ ሁሉ በጣም የሚሞቀው ክፍል፣ ከቀኑ ሁሉ በጣም በሚሞቀው ሰዓት፣ የምሳ ዕቃ የምታጥብ አንዲት ሴት ቆማበታለች። ሳሎን ያሉት «ነይ እንጂ፣ ትንሽ አረፍ በይ» ይሏታል። ግብዣው ከልብ ነው። ዕቃውን ማን እንደሚያጥበው ግን አብሮ አልተነገረም።

የደመወዝተኛ ዕረፍት እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፈረንሳይ ለሠራተኞቿ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ከነደመወዙ በሕግ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ያውም አገሪቱን ካጥለቀለቀ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ቢያንስ 6 የሥራ ቀናት ከነደመወዙ እንዲያርፍ የሚደነግግ ስምምነት አወጣ። በ1970 የወጣው ሌላ ስምምነት ዝቅተኛውን መጠን ወደ 3 ሳምንት ከፍ አደረገው። በ2011 ደግሞ በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ ሰዎች የተለየ ስምምነት ወጣ፤ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓታት የማረፍ መብት እንዳላቸው ይላል። ይህ መብት ስንት ቤት እንደሚከበር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ ግን ተጽፏል። በራሷ ቤት ውስጥ የምትሠራዋ ሴት ግን የተጻፈላት ነገር የለም። የባሏ ዕረፍት፣ የልጆቿ ትምህርት መዘጋት፣ የእንግዳው መምጣት ለእሷ ሥራ ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም። ትምህርት ቤት ምሳ የሚበላው ልጅ አሁን ቤት ይበላል፤ በቀን ሁለት ብርጭቆ ይቆሽሽ የነበረበት ቤት አሥር ይቆሽሽበታል።

ይህን የምለው ከስሜት ተነሥቼ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ መሠረት ክፍያ የሌለው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ከሚወስደው ሰዓት 76.2 በመቶው የሚሸፈነው በሴቶች ነው። ሴቶች በአማካይ በቀን 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሲሠሩ ወንዶች 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ይሠራሉ። ወንዶችና ሴቶች ሥራውን እኩል የሚካፈሉበት አንድም አገር አልተገኘም፤ ሀብታሙም ድሃውም በዚህ አንድ ናቸው።

በሰዓት የሚለካው ደግሞ የሚታየው ሥራ ነው። የሶሺዮሎጂ ተመራማሪዋ አሊሰን ዳሚንገር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ጥናት የቤት ሥራ አንዱ ክፍል ማሰብ መሆኑን አሳይታለች፤ ምን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መገመት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ ከዚያ መፈጸሙን መከታተል። ባነጋገረቻቸው ጥንዶች ዘንድ ውሳኔው በአብዛኛው የጋራ ነበር፤ አስቀድሞ መገመቱና መከታተሉ ግን ይበልጥ ሴቶች ላይ ወድቋል። ይህ በበጋ ቀን ምን እንደሚመስል ማንም ያውቀዋል። መስኮቶቹ ፀሐይ ሳይበረታ መዘጋት፣ ማታ ሲቀዘቅዝ መከፈት አለባቸው። ውኃው ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገባው ሰው ከመጠማቱ በፊት ነው። የታጠበው ልብስ ሳይደርቅ በፊት ትንሹ ልጅ የሚለብሰው መኖር አለበት። ሁሉም ሰው ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኝ ውኃው እዚያው የበቀለ ይመስለዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው እንክብካቤ የአረጋውያን ነው፣ ቀልድም የለውም። ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል፤ አያት «አልጠማኝም» ቢሉ እውነታቸውን ነው፣ ሰውነታቸው ግን ውኃ አጥሮት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 አውሮፓን የመታው ሙቀት ፈረንሳይ ውስጥ ብቻ ወደ 15 ሺህ ሰዎችን ገድሏል። አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ። ወሩ አገሬው ለዕረፍት ከቤቱ የሚወጣበት ወር ነው። ስለዚህ በሙቀት ቀን ቤት የሚውል ቤተሰብ ለአረጋውያኑ የሚሰጠው ነገር ከጨዋታ በላይ ነው። በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዞ የሚሄድ፣ «ትንሽ ቅመሱ» ብሎ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ ወጥ ቤት ያለችው ሴት ብቻ የምታስታውሰው ከሆነ አንድ ቀን መዘንጋቷ አይቀርም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሚገባ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ እንዲያውም ከአያቱ ጋር የሚጫወትበት ሰበብ ይሆነዋል።

ልጆችን ካነሣን፣ «ሰለቸኝ» የሚለው ስሞታቸው የሚደርሰው ለማን ነው? አባት ተኝቷል፤ ስለዚህ ለእናት። እናትም ዕቃ እያጠበች የመዝናኛ አዘጋጅ ትሆናለች። የሰለቸው ልጅ ትንሽ ቢሰለች ምንም አይሆንም፤ የራሱን ጨዋታ ይፈጥራል። ካልፈጠረ ደግሞ ሥራ ይሰጠው። ልጅ ሥራ ይጠላል የሚለውን ጨርሶ አልቀበልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፊሊክስ ዋርኔከን እና ማይክል ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የ18 ወር ሕፃናት እንኳ አንድ የማያውቁት ሰው ዕቃ ወድቆበት ማንሣት ሲያቅተው ማንም ሳያዛቸው ሄደው አንሥተው ይሰጡታል። ሁለቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ በረዱ ቁጥር ሽልማት የተሰጣቸው ሕፃናት፣ ሽልማቱ ሲቀር፣ ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ የመርዳት ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። የሁለት ዓመቷ ልጅ መጥረጊያውን ስትይዝ «ተይው፣ ታቆሽሺዋለሽ» ብለን ነጥቀናት፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት «ይህች ልጅ ምንም አትሠራም» ብለን እናማርራለን። ወንድሟን ደግሞ ያኔም አሁንም የሚጠይቀው የለም።

«ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ለአጣሪው» የሚል ተረት አለን። ማን እንደተረተው ባይታወቅም ተቀምጦ የነበረ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

አንድ የማውቀው መልስ አለ፤ ወንዶች ስንሰበሰብ ሁልጊዜ ይነሣል። «እኔ ላግዛት ብዬ ስገባ ታስወጣኛለች፤ እጄን አታምነውም» ይባላል። እውነት አለው። ለዓመታት ብቻዋን የያዘችውን ክፍል በአንድ ቀን አስረክቢ ማለት ቀላል አይደለም፤ ድስቱ ሲቃጠል፣ ብርጭቆው ቅባት እንዳለው ሲደረደር ዐይታ ዝም ማለት ለእሷም ልምምድ ይጠይቃል። ግን ሊያግዝ የገባው ሰው ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ቢላዋው የት ነው? ሽንኩርቱ እንዴት ይከተፍ? ይህኛው ጨርቅ ለምንድን ነው? አሥር ጊዜ ከጠየቃት ራሷ ብትሠራው ይቀላታል፤ ብታስወጣው አልፈርድባትም።

ስለዚህ ማገዙ ይቅርና አንድ ሥራ ሙሉ በሙሉ ይወሰድ። በሙቀት ቀን ምሳን የወሰደ ሰው ሁሉንም ይውሰድ፤ በዋዜማው ማታ ምን እንደሚበላ ማሰቡን፣ ምድጃው ቤቱን እንዳያግል በማለዳ አብስሎ መጨረሱን፣ ማቅረቡን፣ ዕቃውን ማጠቡን። ጨው ማለቁን ደግሞ ድስቱ ከተጣደ በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት ይወቅ።