የአገር ውስጥ ልምድ

የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለው። ተወዳዳሪው መድረክ ላይ እስኪወጣ ድረስ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። የሚያውቀው ካለም ለጊዜው ዝም ይበል። አለበለዚያ ዳኞቹ ምን ሊያገኙ ነው? እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ሊሉ ነው የተቀጠሩት።

አውስትራሊያዊቷ ዘፋኝ ዳሚ ኢም የት እንደነበረች ግን በደንብ ይታወቃል። በ1988 ደቡብ ኮርያ፣ ኢንቼን ከተማ ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በዘጠኝ ዓመቷ ከቤተሰቦቿ ጋር አውስትራሊያ ገባች፤ ያደገችውም ብሪዝበን አጠገብ ባለችው ሎጋን ነው። ፒያኖ ተማረች። ተማረች ስል ለልደት የምትሆን አንድ ዜማ ለቃቀመች ማለቴ አይደለም። ከኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ዲግሪዋን ያዘች። እሱ አልበቃ ብሏት ግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በድምፅ ማስተርሷን ደገመች። ፒያኖ ታስተምር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ትዘምር ነበር። በራሷ ወጪም አልበም አውጥታ ነበር። የትኛውም ኮርያዊ ወላጅ፣ የትኛውም አበሻ ወላጅ፣ ጎረቤት ጠርቶ የሚያወራላት ልጅ ናት።

ይህች ሴት ናት በ2013 ኤክስ ፋክተር አውስትራሊያ በሚባለው የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ላይ ቀርባ በአራት ዳኞች ፊት ስሟን የተናገረችው። ከዳኞቹ አንዱ ሬድፉ ነበር። ለማታውቁት፣ ከፊቱ የሚሰፋ መነጽር፣ ከመነጽሩም የሚሰፋ ጎፈሬ ያለው አሜሪካዊ ጨፋሪ ነው። በጭፈራ ቤት ዘፈን ስሙ ገንኗል፤ አልቀናበትም። ግን አስቡት። ማስተርስ ያላት ሴት ትንፋሿን ውጣ ቆማለች፣ እሱ «አልፈሻል» እስኪላት።

ዳሚ ስትናገር አፈር ትላለች። ስትስቅም አፏን በእጇ ልትሸፍን ምንም አይቀራት። ከዚያ ዘፈኑ ሲጀመር ያቺ አይናፋር ትጠፋና ጣሪያ የሚነቅል ድምፅ ይመጣል። አዳራሹ ቆመ። ዳኞቹም የተቀጠሩበትን ሥራ ሠሩ፦ ተገረሙ።

እኔን የሚያስቀኝ መገረሙ ነው። ፒያኖ ላይ ልጅነቷን የጨረሰች፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ያስመረቃት ሴት ደህና መዝፈኗ ምኑ ያስገርማል? የሚያስገርመው ባትችል ነበር። ግን ቴሌቪዥን ዲግሪ አይወድም። ዲግሪ አያስለቅስም። ቴሌቪዥን የሚወደው በዝግታ ፒያኖ የታጀበ ችግር ነው፤ የእናት እንባ፣ የተዘጋ ሱቅ፣ ቢቻል በልጅነት የሞተ ውሻ።

ስደተኛ ግን መንገዱን ያውቀዋል። ሜልቦርን የሚኖር አንድ ወዳጄ አዲስ አበባ ሳለ በሒሳብ ሠራተኝነት ጸጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። እዚያ ሄዶ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «የአገር ውስጥ ልምድ አለህ?» የሚል ነበር። «እዚህም አምስትና አምስት አሥር ነው ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት» ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሥራውን ስለሚፈልገው ዋጠው። አሁን ፉትስክሬይ በሚባለው የሜልቦርን ሰፈር ካሉት የአበሻ ቤቶች በአንዱ ቡና ይዞ ይህን ሲያወራ አጠገቡ የተቀመጠው የላብራቶሪ ባለሙያ «አንተ ደህና ነህ፤ እኔን ደም ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ነው የጠየቁኝ» ይለዋል። ያጋንናል እንጂ ብዙም አልራቀ።

ዳሚም ሀ ብላ ጀመረች። ያውም በቀላሉ አላለፈችም። ቀጥታ ስርጭቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ማጣሪያ ግጥሙ ጠፋባትና ተሰናበተች። ከዚያ አንድ ያለፈ ተወዳዳሪ ውድድሩን ትቶ ወጣ፣ ቦታው ክፍት ሆነ፣ «ነይ» ተባለች። ተጠባባቂ ሆኖ የገባ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። በየሳምንቱ እየዘፈነች፣ በየሳምንቱ ዳኞቹን እንደ አዲስ እያስገረመች፣ ጥቅምት ላይ አሸነፈች። የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈኗ ቀጥታ በአውስትራሊያ ሰንጠረዥ አንደኛ ላይ ገባ፤ አልበሟም እንዲሁ።

እንግዲህ ተገኘች አይደል? ይበቃል፣ አትሉም? አይበቃም። በ2016 ዩሮቪዥን፣ የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር፣ መጣ።

አውስትራሊያ ዩሮቪዥን ላይ ምን ትሠራለች የሚል ካለ፣ ጥያቄው የአውሮፓውያንም ጥያቄ ነው። በ2015 የውድድሩን 60ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለአንድ ጊዜ ብቻ ተብላ ተጋበዘች። ለሁለት ሳምንት ብሎ መጥቶ ሶፋው ላይ እንደከረመ ዘመድ፣ በዓመቱም ተመልሳ መጣች። እናም ኮርያ የተወለደች ስደተኛ፣ በስደተኛ የተሞላች አገር ወክላ፣ አውሮፓ ውስጥ ልትወዳደር ስቶክሆልም ገባች። ከዚህ በላይ የሰው አገር የት ይገኛል?

በረጅም ነጭ ቀሚስ፣ ከፍ ባለ የሚያብለጨልጭ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ጀመረች። ሌላው እሳት ያስነሳል፣ ግድግዳ ይወጣል። እሷ ቁጭ ብላ ትዘፍናለች። ዘፈኑ የራቀ ፍቅረኛን በስልክ መስኮት እያዩ መናፈቅ ነው። በኢሞ ልጅ ያሳደገ፣ በቫይበር ለቅሶ የደረሰ አበሻ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይገባው ነበር። ችግሩ አበሻ በዚያ ሌሊት ድምፅ የመስጠት ዕድል አልነበረውም።

ከዚያ ነጥብ። የነጥቡ አሰጣጥ በዚያ ዓመት ተቀይሮ ነበር። መጀመሪያ የየአገሩ የሙያ ዳኞች ነጥብ ይነገራል፤ ቀጥሎ የሕዝቡ ድምፅ ተደምሮ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይወርዳል። ሰው ለማሰቃየት የታሰበ ነገር ይመስላል። የዳኞቹ ሲያልቅ ዳሚ 320 ነጥብ ይዛ አንደኛ ነበረች። ሁለተኛዋ ዩክሬን 211። መቶ ዘጠኝ ነጥብ ርቀት! ሲድኒ ውስጥ እሑድ ጠዋት ነው፤ ለዚህ ብሎ በሌሊት የተነሳ ሰው ሁሉ ሻይ ጥዷል።

ከዚያ ሕዝቡ መጣ። ሕዝብ ደግሞ ከዳኛ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። ፖላንድን ዳኞቹ 7 ነጥብ ሰጥተው መጨረሻ አካባቢ ጥለዋት ነበር፤ ሕዝቡ 222 ሰጣት። ዳሚ 191 አገኘች። አያሳፍርም፣ ግን ዩክሬን 323 ስትወስድ ተደምሮ 534 ለ511 ሆነና ዋንጫው ሄደ። በሕዝብ አንደኛ የወጣችው ሩስያ ሦስተኛ ሆነች። ማለትም የዳኞቹም አንደኛ፣ የሕዝቡም አንደኛ አላሸነፉም። እንዲህ ዓይነቱን ውጤት የዕድር ሊቀ መንበር ምርጫ ላይ ብቻ ነው የማውቀው።

ለዩክሬን ዘፍና ያሸነፈችው ጀማላም ብትሆን የስደት ልጅ ናት። ወገኖቿ የክሪሚያ ታታሮች በስታሊን ዘመን ከአገራቸው ተግዘዋል፤ እሷም የተወለደችው ኪርጊዝስታን ነው። የዘፈነችውም ያንኑ ግዞት ነበር። በዚያ ሌሊት ላይኛው ወንበር ላይ የተፋጠጡት ሁለት ሴቶች የተወለዱበትን አገር አልወከሉም።

ይህ ነገር የእኛንም በር ያንኳኳል። ኤደን አለነ ኢየሩሳሌም የተወለደች የኢትዮጵያውያን ልጅ ናት። የእስራኤልን ኤክስ ፋክተር በ2018 አሸነፈች። ተገኘች። በ2020 ለዩሮቪዥን የሚወክለውን ለመምረጥ ሌላ ውድድር መጣ፤ እሱንም አሸነፈች። እንደገና ተገኘች። አማርኛ ያለበትን «ፍቅር ልቤ» የሚል ዘፈን ይዛ ሮተርዳም ልትሄድ ስትል ኮሮና ገባና ዩሮቪዥን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ። በዓመቱ በሌላ ዘፈን ሄደች፤ የሰው ጆሮ ፈልጎ የሚይዘውን ቀጭን ፉጨት አውጥታም 17ኛ ሆነች። ከእሷ በፊት በ2011 ሐጊት ያሶ «ኮከብ ኖላድ» የሚባለውን የእስራኤል የዘፈን ውድድር ስታሸንፍ በየቤቱ የተደረገውን እልልታ የሰማ ሰው፣ ልጆቻችን መዝፈን መቻላቸውን ለማወቅ የፈረንጅ ዳኛ ለምን እንደምንጠብቅ ይገርመዋል። ሰፈሩ እኮ በየሰርጉ ሲሰማቸው ነው የኖረው።

ወደ ዳሚ ልመለስ። ኤክስ ፋክተርን ያሸነፈች፣ ከአውሮፓ ሁለተኛ የወጣች ሴት በ2021 ምን ላይ ብትታይ ጥሩ ነው? የዝነኞች ማስተርሼፍ ላይ፣ የምግብ ማብሰል ውድድር። ሽርጥ አስረዋት፣ ሰዓት ሞልተውባት፣ ሦስት ዳኞች ማንኪያ ይዘው ሊቀምሷት ቆመዋል። ማስተርሷን ይዛለች፤ ቀረ ያሉት ሼፉ ሳይሆን አይቀርም።

አላሸነፈችም። ያሸነፈው ኒክ ሪቮልት የሚባል የቀድሞ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ተጫዋች ነው። እሱን ግን እግረ መንገድህን እስቲ አንድ ዝፈንልን ያለው የለም።