ማርክ ትዌይን ሃኒባል አልተወለደም

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ያለችው የሚሲሲፒ ወንዝ ዳሯ ከተማ ሃኒባል ታሪኳን በመጻሕፍትና በሥዕል እንዴት እንደምታከብር የጻፍከውን በደስታ ነው ያነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም አልኩ። አሜሪካዊውን ደራሲ አንስተህ «ማርክ ትዌይን የተወለደባት ከተማ» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል፣ ግን ልክ አይደለም ወንድሜ።

የተወለደው በ1835 ፍሎሪዳ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ፍሎሪዳ ስልህ ታዲያ ግዛቷ እንዳትመስልህ፣ እዚያው ሚዙሪ ውስጥ ያለች መንደር ናት። ቤተሰቡ ሃኒባል የገባው በ1839፣ እሱ ገና የ4 ዓመት ልጅ እያለ ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከተማዋ በሱ ተሞልታለች። ያደገበት ቤት ሙዚየም ሆኗል፣ ኮረብታው ግርጌ ከ1926 ጀምሮ በመጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት የሁለቱ ልጆች፣ የቶም ሶየርና የሃክልቤሪ ፊን ሐውልት ቆሟል፣ ሠዓሊው ኖርማን ሮክዌል በልጆቹ ስም ለተሰየሙት ሁለት መጻሕፍት የሳላቸው ሥዕሎችም እዚያው አሉ። ቶም አጥር ቀለም ቀባ ተብሎ ሲታዘዝ ሥራውን ብርቅ አስመስሎ ሌሎች ልጆችን የሚያስቀባባት፣ አንዱም ለመቀባት ብሎ ፖሙን የሚሰጥባት፣ ያቺ በመጽሐፉ ሌላ ስም የተሰጣት የወንዝ ዳር ከተማ ራሷ ሃኒባል ናት።

የብዕር ስሙም ቢሆን ከወንዙ የመጣ ነው። ትክክለኛ ስሙ ሳሙኤል ክሌመንስ ነው። «ማርክ ትዌይን» የእንፋሎት መርከበኞች ጥልቀት ሲለኩ የሚጠሩት ቃል ነበር፤ ውሃው ሁለት ፋተም፣ ማለትም 3.7 ሜትር ገደማ ነው፣ መርከቧ ታልፋለች ማለት ነው።

እባክህ «የተወለደባት» ያልካትን «ያደገባት» ብለህ አስተካክላት።