ሰልባጅ የነበርሽ፣ ቪንቴጅ የሆንሽ

ምስጋና ለሚገባው ምስጋና ይድረስ። ድሬ ላይ የአሮጌ ካፍታን ዘመን ያመጣችሁልን ልጆች፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ አላህ ይስጣችሁ። (ለማንም እንዳላዳላ ብዬ ነው።) እኛ ሞኞቹ ለካ ስንት ዓመት ሀብት ላይ ቁጭ ብለን ሰልባጅ ነው ስንል ኖረናል። ያው ልብስ ነው። ያው ቀለሙ የለቀቀ፣ ያው ብብቱ የተተረተረ፣ ያው ማን እንደለበሰው የማይታወቅ ልብስ ቀፊራ ገበያ ሸራ ላይ ሲከመር ሰልባጅ ይባላል። አንዷ ከክምሩ መዝዛ፣ አራግፋ፣ ማንጠልጠያ ላይ ሰቅላ፣ ቲክቶክ ላይ ስትለጥፈው ደግሞ ቪንቴጅ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለችውን "ጅ" እንኳ አልነኳትም። የነኩት ዋጋውን ብቻ ነው።

ካፍታን የምንለው እኛ ቤት "የዓረብ ቀሚስ" ነበር ስሙ። ሰፊ፣ ረጅም፣ እጅጌው እንደ ክንፍ የሚዘረጋ፣ ደረቱ ላይ በወርቃማ ክር የተጠለፈ። ሽቲ የምንለው ቀሚስ የቤት ነው፣ ይሄ የሰርግ ነው። ከጅቡቲ በባቡር ይመጣል፣ ሳጥን ይገባል፣ ለበዓል ይወጣል፣ ኡንሲ ይታጠናል፣ ተመልሶ ሳጥን ይገባል። ከዚህ የበለጠ ታሪክ የለውም ብለን ነበር የምናስበው።

ተሳስተናል። ለካ የኦቶማን ሱልጣኖች ልብስ ነው። ሱልጣን ሲሞት ልብሱን በጨርቅ ጠቅልለው፣ የማን እንደሆነ ጽፈውበት ያስቀምጡ ስለነበር ኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ሰውን ማክበር ሲፈልጉም ካፍታን ይሸልሙ ነበር። ከዚያ ፈረንጆቹ ደረሱበት። ኢቭ ሳን ሎራን የሚባለው የፓሪስ ልብስ ቀማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ማራኬሽ ሄዶ በሞሮኮዎች ልብስ ልቡ ጠፋ። በ1969 ደግሞ ታሊታ ጌቲ የምትባል ሴት እዚያው ማራኬሽ ጣሪያ ላይ ሆና፣ ካፍታን ለብሳ፣ ከሥሩ ነጭ ሱሪና ቡትስ አድርጋ ፎቶ ተነሳች። በቃ። ነገር ሁሉ ከዚያ ጣሪያ ነው የወረደው። ዛሬ ገንደ ቆሬ አያቷ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥታ ቆርቆሮው እግሯን እያቃጠላት ወደ ሰማይ የምታይ ልጅ ካያችሁ፣ እብደት አይደለም፣ ማራኬሽ ነው።

እና የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን መጣች። "እቴቴ፣ ያ የዓረብ ቀሚስሽ አለ?"

እቴቴ አያታችን ናት። ድሮ አያቴ ምድር ባቡር ይሠራ በነበረበት ጊዜ ከጅቡቲ የሐር ካፍታን እንዳመጣላት ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ በየበዓሉ ይወራል። ሳጥኑ ተከፈተ። ቡናማ፣ ደረቱ ወርቃማ፣ እንደ ውሃ የሚፈስ አንድ ካፍታን ወጣ። ልጅቷ አለቀሰች። እውነቴን ነው፣ እንባ ነው ያወጣችው። አንድ ጊዜ በካሜራ፣ የመጀመሪያው ስላልተቀዳ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ።

አሁን ወደ ጥበቡ ልምጣ። ምክንያቱም አሮጌ ካፍታን መልበስ እኮ ቀላል ነው፤ አንገት ማስገባት ነው። ከባዱ ልብሱ እንዳይታይ ማድረጉ ነው። በዚህ በኩል የኛን ልጆች የሚወዳደር አላየሁም።

መጀመሪያ ቀበቶ። ያውም ቀጭን እንዳይመስላችሁ፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሰፊ፣ ጥቁር፣ ላስቲክ፣ ፊት ለፊቱ የበር መዝጊያ የሚመስል ብረት ያለው። ካፍታን አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው ማለት ይቻላል፤ ውበቱ ከትከሻ እስከ መሬት ሳይቋረጥ መውረዱ ነው። ይሄን አካሄድ መሐል ላይ ይዞ ማነቅ ድፍረት ይጠይቃል። ሞሮኮዎችም ቀበቶ ያስራሉ፤ ግን የነሱ ከልብሱ ጋር አብሮ የተጠለፈ፣ ከልብሱ ጋር የተዋወቀ ነው። የኛው ከታይዋን ነው የተገዛው። ሀገሩ አይደለም፣ ገበያው። እቴቴ ቀበቶውን ስታይ ደነገጠች።

"ወገብሽን ምን ሆነሽ ነው? ሐኪሙ ምን አለሽ?"

አቦ እቴቴ፣ ስታይል ነው ተባለች። "ይማርሽ" አለች።

ስለ ቀበቶው አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሳይንስም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር የሚባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። በዱዊን የሚባሉት የዓረብ ዘላኖች በዚያ በረሃ ለምን ጥቁር ሰፊ ልብስ ይለብሳሉ የሚል። ጥቁሩ ጨርቅ ሙቀቱን ይስባል፤ ግን ልብሱ ሰፊ ስለሆነ ውስጡ አየር ይመላለስና ሙቀቱን ገላ ሳይደርስ ይዞት ይወጣል። በአጭሩ ልብሱ ራሱ ቬንትሌተር ነው። እንግዲህ በግንቦት ድሬዳዋ፣ አስፋልቱ ማስቲካ በሚሆንበት ሰዓት፣ የገዛ ቬንትሌተሯን በቀበቶ አንቃ የምትሄድን ልጅ ካላደነቅን ማንን እናድንቅ? ሰማዕት ማለት ሌላ ምንድነው?

ቀጥሎ ስማርት ሰዓት። የካፍታን እጅጌ ሰፊ ስለሆነ ሰዓቱን ይሸፍናል። ሰዓቱ ደግሞ መታየት አለበት፣ ገና ዕዳው አላለቀም። ስለዚህ እጅጌው ተጠቅልሎ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ። እኔ እንደ ሞኝ ጣልቃ ገባሁ። ያረጀ ሐር በመርፌ ሲወጋ ቀዳዳው አይከደንም፣ ታጥፎ የኖረበት መስመር ላይ ደግሞ ዝም ብሎ ይሰነጠቃል፣ ሽቶ ከነካው ወርቃማው ክር ይጠቁራል ብዬ አስረዳሁ። ረጅም ንግግር ነበር። "አንተ ደግሞ ሙድ ታበላሻለህ" አለችኝና ሽቶውን ጥልፉ ላይ ነፋችው። ከዚያ ሰዓቱ ጢጥ አለ። የልብ ምትሽ ከፍ ብሏል፣ ትንሽ ዕረፍት አድርጊ ነው የሚለው። ምስኪን ሰዓት! ልብሱ ሲነግራት የቆየውን ነው የደገመላት።

ሌላው ቶሎ ቶሎ ያልፋል። ፊት የሚሸፍን ጥቁር መነፅር። ጥልፉን የሚሸፍን ሦስት ድርብ ሰንሰለት። ሰንሰለቱን የሚሸፍን ደረት ላይ የሚታሰር ቦርሳ። ቦርሳው ባዶ ነው፣ ስልኩ ሁሌ እጅ ላይ ስለሆነ። ጆሮ ላይ ኤርፖድ፤ ሙዚቃ የለውም፣ ቻርጁ አልቋል፣ ግን ነጭ ስለሆነ ከጫማው ጋር ይሄዳል። ጫማው ነጭ ስኒከር ነው። ሶሉ የግንብ መሠረት ያክላል።

ስኒከሩ ግን ችግር ፈጠረ። ካፍታኑ እስከ መሬት ስለሆነ ጫማው አይታይም።

ፎቶው ሐረር ነው የሚነሳው፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ "ባክግራውንድ የለም"። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ደንገጎን ወጣን። 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ናት፣ ግን ካፍታን፣ ቀበቶ፣ ሰንሰለትና ቦርሳ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ሁለት ወንበር ነው የሚከፍለው። ሹፌሩ መስታወቱን ዝጉ አላለም፣ አዘነላት። አወዳይ ስንደርስ ሰዓቱ እንደገና ጢጥ አለ።

ሐረር እንደገባን ቀጥታ መኪና ግርግር ሄድን። ለማታውቁት፣ ጁገል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች መንገዱ ዳር ሲንገራቸውን ዘርግተው የሚሠሩበት ሰፈር ነው፤ ስሙም ከስፌት መኪናው ጩኸት የመጣ ነው። ካፍታኑን ላንድ ጎልማሳ ሰፊ ሰጠችው። ስኒከሩ እንዲታይ ከታች ቁረጥልኝ።

ሰውዬው ጨርቁን ገልበጥ አድርጎ አየ። ጫማዋን አየ። "እህቴ፣ ጫማውን ብትቀይሪው አይቀልም?"

"ጫማው አዲስ ነው" አለችው።

ምን ይበል? ጠመንጃ የያዘ ሰው እንኳ እንዲህ አፍ አያስይዝም። አንድ ክንድ የማታንስ ጨርቅ ቆርጦ ጣለ፣ ጠርዙን ሰፋ፣ ብሩን ተቀበለ። ቁራጩን እኔ አነሳሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መሬት ላይ ሲወድቅ ከፋኝ።

አሚር ኑር የጁገልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ከተማዋን ከጠላት ለመጠበቅ ነው። ጠላት በአምስቱ በር ካልሆነ መግቢያ አልነበረውም። ስለ ፎቶ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም። ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. ከተማዋን ሲመዘግብ ቅጥሩንና ቤቱን እንጂ ሰልፉን አላየም። ያን ቀን ሐምራዊ ግድግዳው ጋ ከኛ በፊት ሦስት ካፍታን ወረፋ ይዞ ነበር። ሁሉም ቪንቴጅ፣ ሁሉም በቀበቶ፣ ሁሉም በነጭ ስኒከር። ድንገት ብትደርሱ የሆነ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው የምትሉት። እያንዳንዷ ስትጠየቅ ግን "እኔ የራሴን ስታይል ነው የምከተለው" ትላለች። እንዲህ ተስማምተው የተለዩ ሰዎች አይቼ አላውቅም።

ተራችን ሲደርስ አንዲት የሐረሪ እናት ከቅያሱ ብቅ አሉ። ሻሽ፣ ኢራዝ የሚሉት ረጅም ቀሚስ፣ ከሥሩ ገናፊ የሚሉት ሱሪ፣ አንገታቸው ላይ የብር ጌጥ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይሄዳል። ማንም ስታይል ያደረጋቸው የለም፣ ገበያ እየሄዱ ነው። ፎቶ አንሺው እጁን አውለበለበ፦ "ማዘር፣ ትንሽ ዞር በይልን፣ ባህላዊ ፎቶ እያነሳን ነው።"

(አንቺ ማለቱን አትፍረዱበት፣ እኛ ምሥራቆች አንቱታ ላይ እስከዚህም ነን። "ባህላዊ" ያላትን ግን እናንተ ፍረዱ።)

ሴትዮዋ ዞር አሉ። የአክስቴን ልጅ ከላይ እስከ ታች አዩና፣ ዓይናቸው ቀበቶው ላይ ቆመ። "አላህ ያሽርሽ" ብለው ሄዱ። ሁለት ሰው ሆነ እንግዲህ፣ ሳይተዋወቁ።

ፎቶው ማታውኑ ተለጠፈ። "የአያቴ የስልሳዎቹ ካፍታን፣ ከዘመኑ ጋር ሲገናኝ።" አስተያየቱ ጎረፈ። የድሮ ጨርቅ ያስታውቃል፣ የዛሬ ፋብሪካ እንዲህ አይሠራም፣ ሐር ለብሶ ሐረር፣ ምናምን። አንዱ ጥልፉን አጉልቶ አይቶ ይሄ የእጅ ሥራ ነው ብሎ መሰከረ።

እሁድ ጠዋት ካፍታኑን ለእቴቴ መለስኩ። ሳጣጥፈው ከአንገቱ ሥር አንዲት ትንሽ ነጭ ምልክት አየሁ። የቻይና ጽሑፍ አለበት፤ ከሥሩ በፈረንጅ ፊደል፣ መቶ በመቶ ፖሊስተር። ያ ሁሉ የሐር ትምህርቴ ፊቴ ላይ መጣ።

"እቴቴ፣ ይሄ አያቴ ከጅቡቲ ያመጣልሽ አይደለም እንዴ?"

"ይሄ?" ሳቀች። "ይሄንማ በ1994 ለአክስትህ ሰርግ ከታይዋን ነው የገዛሁት። ያኛው ድሮ ብብቱ አለቀ። ቀድጄ ትራስ አደረግኩት።"

"የቱ ትራስ?"

መደቡ ላይ ያለውን፣ ልጅ ሆኜ እየዘለልኩ ያደግኩበትን፣ ቡና ሁለቴ የደፋሁበትን ትራስ በአገጯ አሳየችኝ። ከሰፊው ያመጣሁትን ቁራጭ ተቀብላ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። "ለወለል መወልወያ ይሆናል" አለች።

ከሰዓት የአክስቴ ልጅ መጣች። መደቡ ላይ ወጥታ፣ ያንን ትራስ ከጀርባዋ አድርጋ፣ ተደግፋ፣ አስተያየቱን ጮክ ብላ ታነብልን ጀመር። እቴቴ ቡና ትቀዳለች። እኔ ትራሱን አያለሁ። ሊናገር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ዝም አለ። ጨዋ ነው።

አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች። "እቴቴዬ፣ ሌላ አሮጌ ነገር የለሽም?"

"እኔ አለሁ" አለች እቴቴ ስኒውን እያቀበለቻት። "ቀበቶ ግን አታስሪብኝም።"