የቃሉ ገበሬ ዝናቡን ያውቃል

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ላይ በተካሄደ የግብርና ስብሰባ አንድ ባለሙያ ተነስቶ፣ የደቡብ ወሎው የቃሉ ወረዳ ገበሬ ቶሎ የሚደርስ በቆሎ የሚመርጠው "የግንዛቤ ችግር ስላለበት ነው" አለ። ብዙ ኩንታል የሚሰጠውን ዘር ትቶ ትንሹን ይዘራል ነው ነገሩ። ተጨበጨበለትም። እኔን ከንግግሩ በላይ ጭብጨባው አናደደኝ።

የግንዛቤ ችግር! ዕድሜውን ሙሉ ሰማይ እያየ ያረሰ ሰው ዝናብ አያውቅም?

እስኪ ቀን እንቁጠር። ብዙ ኩንታል ይሰጣል የሚባለው የበቆሎ ዘር፣ ቢኤች-660፣ ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው የባኮ ምርምር ጣቢያ ዘር ነው፤ ባኮ ደግሞ ዝናቡ ረጅም ነው። እዚያ ጥሩ ዘር ነው። እኛ ጋ ግን ክረምቱ የሚገባው ሰኔ መጨረሻ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ነው። መስከረም ላይ ይወጣል። ሐምሌ 1 ተዘራ እንበል። መስከረም አጋማሽ ገደማ ያብባል፤ የሚደርሰው ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። በቆሎ ውሃ አጥብቆ የሚፈልገው ደግሞ ሲያብብ ነው። ያኔ ከተጠማ ብናኝ የሚቀበለው ጸጉሩ ሳይወጣ ይዘገያል። ከላይ ያለው ወንዴ አበባ ብናኙን ቀድሞ ይጨርሳል። ቆረቆንዳው ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ይሆናል። አገዳው ያምራል፣ ፍሬ የለውም። ጥቅምት ላይ ወደ ቃሉ ቆላ፣ ወደ ሐርቡ የወረደ ሰው ይህን ማሳ ያውቀዋል።

ቶሎ የሚደርሰው ዘር፣ መልካሳ-1፣ ግን 90 ቀን ገደማ ይበቃዋል። ሐምሌ 1 የተዘራው ዝናቡ ሳለ፣ ነሐሴ ውስጥ ያብባል። መስከረም ሳያልቅ ይደርሳል። እሸቱማ ቤት ባዶ በሆነበት ሰዓት ቀድሞ ለልጆች ይደርሳል። ይህን የኩንታል ሠንጠረዥ አይቆጥረውም።

"ምርቱ ያንሳል" ይላሉ። ዝናብ በጠገበ ማሳ፣ አዎ። ዘግይቶ የሚደርስ በቆሎ ቅጠሉ ይበዛል፤ ፍሬው የሚሞላበት ጊዜም ይረዝማል። ቦርከና ወንዝ ዳር መስኖ ያለው የፈለገውን ይዝራ። ሌላው ግን ባኮ ላይ የተመዘነ ኩንታል ምን ያደርግለታል?

ጥፋቱ ያለው አመራረጡ ላይ ነው። ዘር አዳቃዩ ዝናብ በተረፈበት የምርምር ጣቢያ በኩንታል ብቻ ከመረጠ፣ ሳያስበው ዘግይቶ የሚደርሰውን ያነሳል። ቶሎ ደራሹ ገና ከጅምሩ ይወድቃል። የ90 ቀኑ ከ90 ቀኑ ጋር ይወዳደር። ያውም እዚሁ ወሎ፣ ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያና ቃሉ ቆላ ላይ። ስንት ኩንታል ሲባል በስንት ቀን ተብሎም ይጠየቅ።

ደግሞ መልካሳ-1 በየዓመቱ አዲስ ዘር የሚገዛለት ድቅል አይደለም። ገበሬው ከማሳው መርጦ ለጥቂት ዓመታት ዘር ማስቀረት ይችላል። በየዓመቱ ስለማይሸጥ ነው ተሟጋች ያጣው፤ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ለመጪው ክረምት ዘር ሲመደብ ለቃሉ፣ ለተሁለደሬና ለወረባቦ ቆላ ቀበሌዎች ቶሎ የሚደርሰው ዘር ይመደብ። ሰኔ ሳይገባም ገበሬው እጅ ይግባ።