የእኛ ጉዳይ ያለው ሪችመንድ ነው

ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ አንድ የሐበሻ ካፌ ውስጥ ተቀምጠናል። ወሬው እንደተለመደው ትራምፕ ነው። ከዚያ አራት ኪሎ። ከዚያ ተመልሶ ትራምፕ። መሀል ገባሁና "ለመሆኑ ሴናተራችሁ ማን ነው?" አልኩ።

በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ሳያመነቱ "ማርክ ዋርነር!" አሉ።

"እሱ የዋሽንግተኑ ነው ጋሼ። የሪችመንዱን ነው የጠየቅኩት።"

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ቨርጂኒያ ከ20 ዓመት በላይ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ታክሳቸውን ይከፍላሉ። ለፕሬዚዳንት ምርጫ ማልደው ይሰለፋሉ። የሪችመንዱን ሰው ግን አንዱም አያውቀውም። እኔም የራሴን ያወቅሁት በቅርብ ስለሆነ ብዙ አልተመጻደቅሁም።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ዝምታ ነገር ነው። (ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ቨርጂኒያ በዋና ከተማዋ በሪችመንድ የራሷ ሁለት ምክር ቤቶች አሏት። ታችኛው 100 ወንበር አለው፤ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል። ላይኛው ሴኔቱ ነው፤ 40 ወንበር፣ የአራት ዓመት ዘመን። ምርጫቸው የሚውለው በጎዶሎ ዓመት ነው፤ 2019፣ 2021፣ 2023 እያለ ይሄዳል። የፕሬዚዳንት ምርጫ የለም፣ የኮንግረስ ምርጫ የለም። ጫጫታ ስለሌለ ብዙ ሰው ምርጫ መኖሩንም አያውቅም። ሴናተሩ ለዚህ ሥራ በዓመት የሚከፈለው 18,000 ዶላር ነው። ኡበር የሚነዳ ወዳጄ ይህን ሲሰማ "ታዲያ በምን ይኖራሉ?" ብሎ ሳቀ። ሌላ ሥራ አላቸው። ጠበቃ ናቸው፣ አስተማሪ ናቸው፣ ነጋዴ ናቸው። ክረምት ላይ፣ ማለቴ በዚህ አገር ክረምት፣ ሪችመንድ ሄደው በ60 ቀን፣ አንዳንዴም ባነሰ ጊዜ፣ ሕግ አውጥተው ይመለሳሉ።

በዚያች አጭር ጊዜ የሚወሰነው ግን ቀላል ነገር አይደለም። በሰዓት ስንት እንደሚከፈለን እዚያ ይወሰናል። ሜዲኬድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ሽፋን፣ ማን ያገኛል የሚለውም። ወረቀት የሌለው ሰው መኪና ይነዳል ወይስ አይነዳም የሚለውም። ዋይት ሀውስ ስለ ሁሉም ያወራል፤ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ዲኤምቪ ግን የሪችመንድ ነው።

በ2019 ዴሞክራቶች ሴኔቱን 21 ለ19 ያዙ። ታችኛውንም 55 ለ45 አሸነፉ። ገዥውም የእነሱ ሰው ነበር። እንዲህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከያዙ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዝቅተኛው ደመወዝ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ሕግ ወጣ፤ በ2021 ወደ 9.50፣ በ2023 ወደ 12 ዶላር። ከዚያ በፊት የፌዴራሉ 7.25 ነበር። ወረቀት የሌላቸው ሰዎች በቨርጂኒያ ታክስ እስከከፈሉ ድረስ የመንጃ ካርድ እንዲያወጡ ተፈቀደ። ያለ ምንም ምክንያት 45 ቀን አስቀድሞ ድምፅ መስጠት ተቻለ። ይህ ሁሉ ከዓመት በፊት ሕልም ነበር። የተለወጠው ምንድን ነው? በታችኛው ምክር ቤት ጥቂት፣ ሴኔቱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ወንበር።

ከሁለቱ የሴኔት ወንበሮች አንዱን የወሰደችው ጋዛላ ሃሽሚ ናት። ሕንድ ተወልዳ በልጅነቷ አሜሪካ የገባች የኮሌጅ መምህርት። ቨርጂኒያ ሴኔት የገባች የመጀመሪያዋ ሙስሊም ነች። በ2025 ደግሞ ምክትል ገዥ ሆና ተመረጠች። ምክትል ገዥ ማለት እዚያ ሴኔቱን የሚመራው ሰው ነው። ድምፅ እኩል ሲሆንም ብዙውን ጊዜ የሚለየው እሱ ነው።

"አብላጫ" የምትለውን ቃል ብዙዎቻችን አቅልለን እናያታለን። 21 ለ19 ሲባል፣ "ያው ተቀራራቢ ናቸው፣ ይስማማሉ" እንላለን። አይደለም። 21 ወንበር ያለው ወገን የኮሚቴ ሰብሳቢዎችን በሙሉ ይሰይማል። ሰብሳቢው ደግሞ አጀንዳ ያወጣል። አጀንዳ ላይ ያልወጣ ሕግ ሞተ ማለት ነው። ቀብር የለው፣ ለቅሶ የለው።

ምሳሌው ከቤታችን ደጃፍ ነው። በታኅሣሥ 2023 ገዥው ግሌን ያንግኪን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፖቶማክ ያርድ ላይ ድንኳን ተክለው ትልቅ ዜና አበሰሩ። የዋሽንግተን የቅርጫት ኳስና የሆኪ ቡድኖች ከዲሲ ወደዚህ ሊመጡ ነው አሉ። አዲስ ስታዲየም የሚሠራበት ዕቅድ ነው፤ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ። ባለሀብቱ አለ፣ ገዥው አሉ፣ የከተማዋ ከንቲባም ነበሩ። ያለቀለት ነገር ይመስል ነበር።

ሉዊዝ ሉካስ አልነበሩም። እኚህ ሴት የፖርትስማውዝ ሴናተር ናቸው፤ ያኔ 80 ዓመት የሞላቸው። በወጣትነታቸው ኖርፎክ በሚባለው የባሕር ኃይል የመርከብ ማደሻ ውስጥ ብረት እየገጣጠሙ የሠሩ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ዴሞክራቶች በ2023ም ባገኙት የ21 ለ19 አብላጫ የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነዋል። የስታዲየሙ ሕግ ወደ ኮሚቴያቸው መጣ። አጀንዳ ላይ አላወጡትም። በቃ። ታችኛው ምክር ቤት በራሱ በኩል አሳልፎት ነበር፤ እሳቸው ግን ስታዲየሙን በገዥው ስም "ግሌን ዶም" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በመጋቢት 2024 መጨረሻ አሌክሳንድሪያ ድርድሩን አቆመች፤ ቡድኖቹም ከዲሲ ጋር ታርቀው ቀሩ። አንዲት ሴት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ በመተው 2 ቢሊዮን ዶላር አስቆሙ።

ጥሩ አደረጉ ወይ? እኔ ትራፊኩን ስለፈራሁ ደስ ብሎኛል፤ ይህ ግን መርህ አይባልም። እዚያ አካባቢ ኡበር የሚነዱ ሰዎች አዝነዋል። ደግሞም ይህ ሁሉ ጉልበት በአንድ ሰው እጅ መሆኑ ጤናማ አይመስለኝም። ዛሬ ደስ ያለን ነገ በሌላው ሰብሳቢ እናለቅሳለን።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የሜዲኬድ ታሪክ ነው። በ2014 መጀመሪያ ሴኔቱ 20 ለ20 ሆኖ ቆሟል። ምክትል ገዥው ዴሞክራት ስለነበር ሚዛኑ ወደ እነሱ ያዘነብላል። ገዥው ቴሪ ማኮሊፍ ሜዲኬድን ለዝቅተኛ ገቢ ሠራተኞች ለማስፋት ይታገላሉ። ታችኛው ምክር ቤት እምቢ ብሏል፤ በጀቱም በዚሁ ተይዟል። የሴኔቱ አንድ ድምፅ የመደራደሪያ ጉልበታቸው ነበር። በሰኔ ላይ ፊሊፕ ፐኬት የሚባል ዴሞክራት ሴናተር ድንገት ለቀቀ። ከቨርጂኒያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከድንጋይ ከሰል አገር የመጣ ሰው ነው። ሴኔቱ 20 ለ19 ሆነ። ሪፐብሊካኖች ወንበሩን ያዙ፤ በጀቱ ያለ ሜዲኬድ አለፈ። አንድ ሰው ለቀቀ፤ የስንቱ ቤት ታካሚ ጠበቀ።

በማሟያው ምርጫ ቤን ቻፊን የሚባል ሪፐብሊካን ጠበቃ ያን ወንበር ወሰደ። የሜዲኬዱ ነገርም ተረሳ። እስከ 2017።

በ2017 ደግሞ በታችኛው ምክር ቤት ጉድ ተፈጠረ። ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ዴቪድ ያንሲና ሼሊ ሳይመንድስ ተወዳደሩ። እንደገና ሲቆጠር ሳይመንድስ በአንድ ድምፅ አሸነፈች ተባለ። በማግስቱ ሦስት ዳኞች አንዲት አከራካሪ ወረቀት ለያንሲ ቆጠሩለት። እኩል፤ 11,608 ለ11,608። ሕጉ በዕጣ ይለይ ይላል። በጥር 4 ቀን 2018 ስማቸውን በወረቀት ጽፈው በድሮ የፎቶ ፊልም ቆርቆሮ ከተቱት። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርገው አማሰሉት። ዕጣው ለያንሲ ወጣ። ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ምክር ቤቱን ይዘው ቀሩ። እኛ አገር በዕጣ የሚታወቀው ዕቁብ ነው። እዚህ የምክር ቤት አብላጫ ሆነ።

ያ ምርጫ ግን አስደንግጦ ነበር። ከዚያ በፊት ሪፐብሊካኖች 66 ወንበር ነበራቸው። ድንጋጤው ሥራ ሠራ፤ የታችኛው ምክር ቤት አንዳንድ ሪፐብሊካኖች ለሜዲኬድ እሺ አሉ። ነገሩ ሴኔት ሲደርስ ሪፐብሊካኖች አሁንም 21 ነበሩ። ድምፅ የተሰጠው በግንቦት 30 ቀን 2018 ነው። 23 ለ17 አለፈ። አራት ሪፐብሊካኖች ተሻግረው ነው። ከአራቱ አንዱ ማን ነበር? ቤን ቻፊን። ሜዲኬድ የተሰናከለበት ያው ወንበር ነው አሁን ያሻገረው። በገጠሩ ወረዳው ሆስፒታሎች እየተቸገሩ ነበር፤ ሰውየውም ከፓርቲው ይልቅ ወረዳውን አየ። ከጥር 2019 ጀምሮ ወደ 400,000 ለሚጠጋ ሰው በሩ ተከፈተ። ከእነሱ ውስጥ የፓርኪንግ ሠራተኞቻችን፣ ሞግዚቶቻችን፣ ቀንና ሌሊት የሚነዱ ወንድሞቻችን አሉ። ቻፊን በጥር 1 ቀን 2021 በኮቪድ አረፈ። ስሙን የሚያውቅ ሐበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በ2021 እኛም በቨርጂኒያ ምርጫ ስማችን ተነሥቶ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው። የባይደን መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም ብዙ ሰው ተቆጥቷል። አንዳንድ የትውልደ ኢትዮጵያውያን ቡድኖች "ዴሞክራቶችን እንቅጣ" ብለው ለያንግኪን በግልጽ ቀሰቀሱ። እንዲያውም ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ሊያስወጣ መሆኑን ለኮንግረስ ያሳወቀው በዚያው በምርጫው ቀን፣ ኅዳር 2 ነው። ያንግኪን ከ63,000 በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ። "እኛ ነን ያሸነፍናቸው" የሚል ወሬ ለወራት ተወራ። እኔ ቁጥሩ ብቻችንን የሚያሰኘን አይመስለኝም።

ቁጣው ይገባኛል። አድራሻው ነው የተሳሳተው። አጎዋ ሪችመንድ ውስጥ የለም። የቨርጂኒያ ገዥ ማዕቀብ አይጥልም፣ አያነሣም። ገዥው ያለው የቬቶ፣ ማለትም የወጣን ሕግ ውድቅ የማድረግ፣ ብዕር ነው። ያንግኪንም ዝቅተኛውን ደመወዝ ወደ 15 ዶላር የሚያደርሰውን ሕግ በ2024 ቬቶ አደረጉት። በ2025 እንደገና መጣ፤ እንደገና ቬቶ። ቬቶ ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ 21 ወንበር አይበቃም። ያንግኪን ባሸነፉበት በዚያው የ2021 ምሽት ታችኛው ምክር ቤትም 52 ለ48 ወደ ሪፐብሊካኖች ሄደ። ሁለት ወንበሮች እያንዳንዳቸው ከ130 ባነሰ ድምፅ ነው የተለዩት። 130 ሰው ማለት አንድ መካከለኛ ክርስትና ነው።

ሪፐብሊካን መምረጥ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። በታክስ፣ በትምህርት ቤት፣ በሃይማኖት ጉዳይ ከእነሱ ጋር የሚስማማ ብዙ ሐበሻ አለ፤ መብቱ ነው። በእነዚያ ጉዳዮች ይምረጣቸው። በአራት ኪሎ ጉዳይ የሪችመንድ ወንበር ሲመረጥ ግን የጎረቤት በር አንኳኩቶ የራስን ቁልፍ እንደመጠየቅ ነው።

ሌላም አለ። በሰሜን ቨርጂኒያ ዋናው ፍልሚያ ኅዳር ላይ ሳይሆን ሰኔ ላይ ነው። አካባቢው በአብዛኛው ዴሞክራት ስለሆነ፣ በሰኔው የፓርቲ ማጣሪያ ያሸነፈ ኅዳርን አይፈራም። ቨርጂኒያ ደግሞ መራጭን በፓርቲ አትመዘግብም፤ ማንኛውም መራጭ በማጣሪያው ገብቶ መምረጥ ይችላል። በሰኔ 2023 ፎልስ ቸርች ከተማን በሚያካትተው ወረዳ ቻፕ ፒተርሰን የሚባሉ የረጅም ጊዜ ሴናተር ወደቁ። የጣላቸው ሳዳም አዝላን ሳሊም ነው፤ ባንግላዴሽ ተወልዶ በልጅነቱ የመጣ ወጣት። ኅዳር ላይ ያለ ጭንቅ ሴናተር ሆነ። ስሙ ሳዳም ነው። እኛ "ስማችን ይከብዳቸዋል፣ ማን ይመርጠናል" እያልን ቁጭ ብለናል።

ያን ቀን ካፌው ውስጥ ዝምታው ሲበዛ ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉ። "የሪችመንዱ ሴናተራችን ማን ነው?" ልጅየዋ አድራሻቸውን ኢንተርኔት ላይ አስገብታ ስሙን ነገረቻቸው። ጋሼ ሁለቴ ደገሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "መቼ ነው የሚመረጠው?" አሉ።

"በ2027። ማጣሪያው ሰኔ ላይ ነው።"

"ሰኔ ላይማ አዲስ አበባ ነኝ" አሉና ትንሽ አሰቡ። "አስቀድሞ መምረጥ ይቻላል አልክ አይደል? ስንት ቀን ነበር ያልከው?"