እርማት፦ የመጀመሪያው የዕጩ መሰየሚያ ጉባኤ የዴሞክራቶች አልነበረም
በአሜሪካ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ የሚሰየምበትን ብሔራዊ የፓርቲ ጉባኤ የጀመሩት በ1832 እ.ኤ.አ. የወቅቱ ፕሬዚዳንት የአንድሩ ጃክሰን ዴሞክራቶች ናቸው ተብሎ የቀረበው ሐሳብ፣ ደጋግሞ የሚነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም። ቀዳሚው፣ ፍሪሜሶን የተባለውን ምስጢራዊ ማኅበር ይቃወም የነበረውና ዛሬ ስሙ እምብዛም የማይነሳው ፀረ-ሜሶን ፓርቲ ሲሆን፣ በሴፕቴምበር 1831 ባልቲሞር ላይ ተሰብስቦ ዊልያም ዊርትን ዕጩው አድርጎ ሰይሟል፤ የሚገርመው፣ ዊርት ራሱ ቀደም ሲል የፍሪሜሶን አባል የነበረ ሰው ነው። ብሔራዊ ሪፐብሊካን ፓርቲም በዚያው ዓመት በዲሴምበር፣ በዚያችው ከተማ፣ ሄንሪ ክሌይን ሰየመ።

ዴሞክራቶች ባልቲሞር የደረሱት በሜይ 1832 ነው። ያን ጊዜም ቢሆን የጃክሰን ዕጩነት በየክፍለ ግዛቱ አስቀድሞ ታውጆ ስለነበር፣ የጉባኤው ዋና ሥራ ማርቲን ቫን ቢውረንን ለምክትል ፕሬዚዳንትነት መሰየም ነበር። በእርግጥ የዴሞክራቶች የሆነው፣ ዕጩ ለመሆን የተወካዮችን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚጠይቀው ደንብ ነው፤ ይህ ደንብ በ1936 እስኪሻር ድረስ ፓርቲውን ብዙ አድክሞታል፤ በ1924 ኒው ዮርክ ላይ ጆን ዴቪስ ዕጩነቱን ያገኘው በ103ኛው ዙር ድምፅ ነበር።